ቆሞ የሚበላው ሰው

ሰውየው ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ከሾርባ እስከ ፍራፍሬ ያለውን ሁሉ የሚበላው ቆሞ ነው። ሥራ ቦታ ብቻ ቢሆን ማንም ባልፈረደበት። አስተናጋጅ ነው፤ አስተናጋጅ ደግሞ በማብሰያ ቤቱ በርና በሳህን ማጠቢያው መካከል ባለችው ክንድ በማትሞላ ቦታ ግድግዳ ተደግፎ፣ አንድ ዓይኑን አዳራሹ ላይ ጥሎ፣ ጎርሶ መሮጥ ነው ዕጣው። እሱ ግን ቤቱም ሲገባ አይቀመጥም። ሚስቱ ሁለት ሳህን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፤ እሱ የራሱን አንስቶ መስኮቱ ጋ ይሄድና ጀርባውን ሰጥቷት ቆሞ ይጨርሳል። ጎረቤት «ምሰሶ» የሚል ስም አወጣለት። ስሙ የወጣለት ቀን ሳቀ። መሳቅ አልነበረበትም።

የሚሠራበት ምግብ ቤት ከከተማዋ በላይ፣ ሐይቁን ቁልቁል በሚያየው ኮረብታ ላይ ነው። የከተማዋ ሰው «ላይ ቤት» ይለዋል። ላይ ቤት የሚበላው ግን የከተማዋ ሰው አይደለም። ከትልቁ ከተማ ሁለት ሰዓት መኪና ነድቶ የሚመጣ፣ ዓሣው ከሐይቁ በወጣ በሰዓቱ እንዲቀርብለት የሚፈልግ፣ ሹካና ቢላ ግራና ቀኝ የሚደረደርለት ሰው ነው። ዓሣውን የሚያጠምደው፣ ድንቹን የሚቆፍረው፣ ሳህኑን የሚያጥበው፣ መንገዱን የሚጠርገው ሁሉ የታች ሰው ሆኖ ሳለ፣ ከእነዚህ አንዱም እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ይሄን ሕግ ብሎ የጻፈው የለም። ያልተጻፈ ሕግ ደግሞ ከተጻፈው ይብሳል፤ ቀድደህ አትጥለውም።

የአስተናጋጆቹን ሕግ ያወጣው የአሁኑ ባለቤት አባት፣ ሟቹ ሽማግሌ ነበር። ምሰሶ በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ሲቀጠር ሽማግሌው አዳራሹ መሃል አቁሞ ሁለት ነገር አስተማረው። አንደኛው እጅ ማየት ነው። እንግዳ ጣቱን ከማንሳቱ በፊት፣ ሊያነሳ ሲያስብ፣ ትከሻው ላይ ሽው የምትል ነገር አለች፤ እሷን አይተህ ሳትጠራ መድረስ አለብህ አለው። ሁለተኛው፣ አዳራሹ ባዶም ቢሆን ወንበር ላይ እንዳይቀመጥ ነው። «እንግዳ ወንበሩ ላይ የአስተናጋጅ ሙቀት ማግኘት የለበትም» አለው፤ ልክ ስለ አቧራ እንደሚያወራ ሰው፣ ያለ ክፋት።

ምሰሶ ማታ ቤቱ ገብቶ ይሄን ለሚስቱ ሲነግራት በንዴት አልነበረም። በኩራት ነበር። ምን ያህል ትልቅ ቤት እንደገባ ያስረዳላት መስሎት ነው። እሷ ካውያዋን ከጎኗ አቁማ «እና የእኔ ባል ሙቀት ምን አለው?» አለችው።

ሚስቱ የላይ ቤትን የጠረጴዛ ልብስ የምታጥብና የምትተኩስ ሴት ነበረች። ሰፈሩ እሷንም «ካውያ» ነው የሚላት፤ ባልና ሚስቱ የክርስትና ስማቸውን ለቀበሌ ወረቀት ብቻ ያስቀመጡት ይመስል ነበር። ላይ ቤት ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው። ሰኞ ጠዋት ምሰሶ የሳምንቱን ጨርቅ በሁለት ትልልቅ ከረጢት ተሸክሞ ይመጣል፤ እሷ በበረኪና ትዘፈዝፋለች፣ ታጥባለች፣ አሚዶ ታስነካለች፣ ትተኩሳለች፣ አራት ላይ ታጥፋለች። መጀመሪያ አሥር ዓመት ካውያው የከሰል ነበር። ነጭ ጨርቅ ላይ የመንገድ አቧራ እንዳይወድቅ መስኮቱን ዘግታ ነው የምትተኩሰው። የከሰሉን ጭስ፣ የበረኪናውን ሽታ፣ ከእርጥብ ጨርቅ የሚነሳውን እንፋሎት ሁሉ ይዛ ትውላለች። ላይ ሆነው ነጩን ጨርቅ በመዳፋቸው እየዳበሱ «እንዴት ያለ ንጽሕና ነው» የሚሉ ሰዎች፣ ንጽሕናው የማን ሳንባ ውስጥ ተጣርቶ እንደመጣ አልጠየቁም። ሰው ደግሞ ካልጠየቀ አያውቅም፤ ካላወቀ ምግቡ ይጣፍጠዋል።

ግን አንድ ነገር ነበራቸው፤ የሁለቱ ብቻ የሆነ። ጨርቁን ከመዘፍዘፋቸው በፊት ያነቡታል።

ካውያ አንዱን የጠረጴዛ ልብስ በመስኮቱ ብርሃን ዘርግታ ታይና፣ «ሰባት ቁጥር ላይ ትናንት አንድ ሰው ሊናገር ፈልጎ ፈርቷል» ትላለች። እንዴት አወቅሽ ሲላት፣ በአንድ ቦታ ላይ የተደራረበውን የብርጭቆ ክብ ታሳየዋለች፤ አሥር ጊዜ አንስቶ አሥር ጊዜ ያስቀመጠ ሰው ነው። እሱም እውነት ነው ይላታል፤ አንድ ጎረምሳ ከአንዲት ልጅ ጋር መጥቶ ነበር፣ ሳይናገር ሄደ። ሌላ ቀን ኩል የነካ የአፍ መጥረጊያ ታነሳለች፤ ያለቀሰችዋ እሷ ናት፣ ያስለቀሳት ግን ፊት ለፊቷ ያለው ሰውዬ ነው፣ ምክንያቱም ይኸው በእሱ በኩል ቁራሽ ዳቦ እንኳ አልተፈረፈረም፣ ሲጎርስ አልዋለም ትላለች። እንዲህ እያሉ ይስቃሉ፣ አንዳንዴም ያዝናሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሷ ኮረብታውን አንድም ቀን ሳትወጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላና ማን ልጁን እንደሚያቀማጥል ከምሰሶ በላይ ታውቅ ነበር። «እድፍ አይዋሽም» ነበር አባባሏ። «ሰው በቁሙ ይዋሻል፣ ሲበላ ግን እውነቱን ያንጠባጥባል።»

ከጨርቆቹ ሁሉ አንዱን ትወደው ነበር። አንድ እንግዳ በሲጋራ ጥጉን በስቶት፣ መጣል ሲገባው እሷ በነጭ ክር ደርባ ሰፋችው። ስፌቷ የስንዴ ፍሬ ታክላለች። ከምሰሶ በስተቀር የት እንዳለች የሚያገኛት ሰው የለም፤ እሱም በዓይኑ ሳይሆን በጣቱ ዳብሶ ነው። ያ ጨርቅ በከረጢቱ ሲመጣ «እንኳን ደህና መጣሽ» ትለዋለች፤ ጨርቅን አንቺ ማለት የእሷ አመል ነው።

ሳሉ የጀመራት ካለፈው ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ ጉንፋን አሉት፣ ቀጥሎ ብርድ አሉት፣ በመጨረሻ ስም አልተገኘለትም። የአካባቢው ሆስፒታል ራጅ ሲያነሳት ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መብራቱ አንስቶ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ እሷን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ ባሏን ብቻ አስጠራ። ወራት ነው አለው፤ ዓመት አላለም።

ምሰሶ ወጥቶ ከጎኗ ቆመ። አልተቀመጠም። «አየር ለውጪ ነው ያለው» አላት።

እሷ ፊቱን አየችው። «አንተ ሰው፣ እኔ እድፍ የማነብ ሴት ነኝ» አለች። «ጨርቅ ያልደበቀኝን ፊትህ ሊደብቀኝ ነው?»

ያን ቀን በአውቶብስ ሲመለሱ ነው የጠየቀችው። አልለመነችም፤ እንደ ቀላል ነገር ነው ያነሳችው። ላይ ቤት አንድ ቀን ውሰደኝ አለች፣ እኔ የተኮስኩት ጨርቅ ተዘርግቶ ልየው። ቀጠለችና፣ «ደግሞ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ብላ» አለችው። «ሃያ ሁለት ዓመት ስትበላ ጀርባህን ነው ያየሁት።»

«ምን ችግር አለው?» አለ ምሰሶ። «ነገ እጠይቅልሻለሁ።»

ነገ የሚሏት ቀን ሰባት ሳምንት ሆነች። ይሄን ማለባበስ አያስፈልግም፤ ፈርቶ ነው። ሚስቱ በየቀኑ ኪሎ እየቀነሰች፣ እሱ ልጅየው ዛሬ ተናዷል፣ ልጅየው ዛሬ እንግዳ በዝቶበታል፣ ልጅየው ዛሬ ራሱን አሞታል እያለ ነበር። ልጅየው የሚባለው የሽማግሌው ልጅ፣ የአሁኑ ባለቤት ነው። ዳዴ ሲል የምሰሶን የሱሪ እግር ጨብጦ ነው ቀጥ ማለት የለመደው። አሁን ምሰሶ «እርስዎ» ይለዋል፣ እሱ ምሰሶን «አንተ»። ሁለቱም ይሄ እንግዳ ነገር አይመስላቸውም።

በስምንተኛው ሳምንት ጠየቀው። ልጅየው መጀመሪያ አልገባውም። ምግብ ለመውሰድ መስሎት፣ አሽጉለት ሊል ነበር። እዚህ አዳራሽ፣ ወንበር ላይ፣ እንደ እንግዳ መሆኑ ሲነገረው ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ልጅ ያልተጠበቀ ነገር ሲናገር የሚሳቅ ዓይነት ነው። አሰበ፣ አገጩን አሸ። ማክሰኞ ምሳ ላይ ብዙ ሰው የለም፣ አሥራ ሁለት ቁጥር ላይ ይሁን አለ። አሥራ ሁለት ቁጥር በማብሰያ ቤቱ በርና በመጸዳጃው መተላለፊያ መካከል ያለው ጠረጴዛ ነው፤ ቦታ ሳይዝ የመጣ እንግዳ ነው የሚሰጠው። «የበላችሁትን ደግሞ ቤቱ ይችለዋል» አለና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ምሰሶ ዝቅ ብሎ አመሰገነ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳንባ ለሰጠች ሴት አንድ ሳህን ሾርባ፤ አመስጋኙ ደግሞ የእሷ ባል።

ማክሰኞ ጠዋት ፀጉር ሠሪዋ ልጃቸው ሱቋን ዘግታ መጣች። የእናቷን ፀጉር አጥባ፣ የሳሳውን በሞላው ሸፍና፣ ልክ ለሙሽራ እንደምትሠራው ሠራቻት። ካውያ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚሷን ለበሰች፤ ወገቡ ላይ ሁለት እጅ ሰፍቷታል፣ ልጅቷ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። ምሰሶ ለልጁ ምርቃት የገዛውን ግራጫ ኮት ለበሰ። ልጅቷ በር ላይ አስቁማው ኮሌታውን አስተካከለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረችው።

«አባዬ፣ ዛሬ አስተናጋጅ አይደለህም። እሺ?»

«እሺ።»

«ማልልኝ።»

ሰው እንደሚምለው ሊምል አፉን ከፈተ። «እናትሽ ት...» አለና ቀረ። ልጅቷ ፊቷን አዞረች። እሱ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ሳይምል ሄደ።

ከሚኒባሱ ወርደው የጠጠሩን መንገድ ሲወጡ ሦስት ጊዜ አረፈች። አጥሩ ጋ ሲደርሱ እግሩ በልማድ ወደ ጓሮው፣ ከረጢትና ጋዝ ወደሚገባበት በር ይዟት ሄደ። እጁን ጎተተችው። «በፊት በር» አለች።

በሩን የከፈተላቸው አጭሬ ነው፤ የምሰሶ የሥራ ባልደረባ፣ ዕድሜ ልኩን አብሮት የሮጠ፣ አሁን አንድ ጉልበቱ የከዳው ሰው። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና፣ «ጌታዬ፣ ቦታ ይዘዋል ወይስ ምሰሶ ተነቅሎ መምጣቱ ነው?» አላቸው። ካውያ እስክትስል ድረስ ሳቀች። ያን ቀን ከሳቀችው ሳቅ ትልቁ እሱ ነበር።

አሥራ ሁለት ቁጥር ጋ ስትደርስ አልተቀመጠችም፤ መጀመሪያ መዳፏን ጨርቁ ላይ አሳረፈች። ጣቶቿ በጠርዙ በኩል ሄደው ጥጉ ላይ ቆሙ። የስንዴ ፍሬዋ እዚያ ነበረች። አጭሬ ነው ፈልጎ ያለበሳት፤ ምሰሶ ስለ ጨርቋ አንድ ቀን ነግሮት ስለነበር። «ለካ ሲዘረጋ እንዲህ ነው» አለች፤ እጥፏን ታውቃለች፣ ተዘርግቶ ከጠረጴዛው ዙሪያ ሲወርድ አይታው አታውቅም። ከበረንዳው ባሻገር ሐይቁ አለ። አላየችውም፤ ጨርቁን ነበር የምታየው።

ምሰሶ ተቀመጠ። የተቀመጠው በወንበሩ ጠርዝ ነው፣ ወረፋው ሊደርሰው ጥቂት እንደቀረው በሽተኛ። ሾርባው መጣ። ካውያ ሳህኑን ወደ ራሷ ስባ በግራ መዳፏ ከማንኪያዋ ሥር ጽዋ ሠራች፣ አንዲት ጠብታ ጨርቁ ላይ እንዳትወድቅ። ተዪው፣ ቢነካስ፣ የሚያጥበው አለ አላት። «የሚያጥበው ማን ሆነና?» አለች፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሁለት ማንኪያ ጠጣ። ዳቦ ቆርሶ ጎረሰ። እሷ ማንኪያዋን አስቀምጣ ታየው ጀመር፤ ፊት ለፊት ተገናኝተው እንደማያውቁ ሁሉ። «በግራ መንጋጋህ ብቻ ነው የምታኝከው» አለችው። «የቀኙ ምን ሆኖ ነው?» ጥርሱ ከወለቀ ስድስት ዓመቱ ነው። አልነገራትም ነበር፤ አልጠየቀችውም፣ ምክንያቱም አላየችም። ሊነግራት አፉን ሲከፍት ሦስት መኪና ጠጠሩን እያንኳኳ መጣ።

አሥራ አራት ሰው ነበር። ስብሰባ አርፍደው ሐይቅ ዳር እንብላ ያሉ፣ ቀድመው ያልደወሉ ሰዎች። አዳራሹ ውስጥ ያለው አስተናጋጅ አጭሬ ብቻ ነው፣ ያውም በአንድ ጉልበት። ልጅየው ሒሳብ መቀበያው ጋ ቆሟል። እውነቱ መነገር አለበት፤ ልጅየው አንዲት ቃል አልተናገረም። ወደ አሥራ ሁለት ቁጥር እንኳ ዞር አላለም። ተነስ ያለው የለም። ከአሥራ አራቱ አንዱ፣ ወፍራም ሰውዬ፣ ወንበሩን ስቦ ሲቀመጥ ትከሻው ላይ ሽው የምትለው ነገር ሽው አለች።

ምሰሶ ቆሞ ነበር። መቼ እንደተነሳ አያውቅም። ጭኑ ላይ የነበረው የአፍ መጥረጊያ ተጣጥፎ ክንዱ ላይ ተሰቅሏል፤ ማን እንደሰቀለውም አያውቅም። «አንዴ፣ መጣሁ» አላት።

አጭሬ ለማድረግ የሚገባውን አድርጓል፤ በጆሮው «አንተ፣ ሂድ ተቀመጥ፣ እኔ እወጣዋለሁ» ብሎታል። ምሰሶ ግን «ጉልበትህን አያለሁ» ብቻ አለው። እውነቱ የአጭሬ ጉልበት አልነበረም። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ ይሄኛው ግን ባልበላበት ነው የሮጠው። አሥራ አራት ሰው ሲያዝ፣ ሲጠጣ፣ ዓሣው ጨው አንሶታል ሲል፣ እሱ በግራጫ ኮቱ በአዳራሹ ውስጥ እንደ ዓሣ ይዋኛል። እዚያ ውስጥ ምንም አይፈራም። ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። የሚስቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ምን ማድረግ እንዳለበት ነው ያላወቀው።

የእነሱም ዓሣ መጥቶ ነበር። የእሷ ሳህን ፊቷ፣ የእሱ ሳህን ባዶ ወንበር ፊት። በመሃል ሁለቴ አለፈ፣ በሦስተኛው ትሪ ይዞ አጠገቧ ቆመና ወገቡን ሰበር አድርጎ ጠየቃት።

«ሌላ የሚያዝዙት ነገር ይኖራል፣ እመቤቴ?»

ሚስቱን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አብራው የተኛችውን ሴት ነው። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ማን እንደሆነች የታየው። ካውያ ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር።

«ያዘዝኩት አልመጣም» አለች በቀስታ።

ጆሮው ጋለ። አንድ ነገር ሊላት ፈለገ፤ ትሪው ላይ ግን የሦስት ቁጥር ዓሣ እየቀዘቀዘ ነበር። ሄደ።

ሰዎቹ ሲነሱ ከመጡ አንድ ሰዓት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቶ ነበር። ምሰሶ ላቡን ጠርጎ ተመለሰ። የዓሣው ቆዳ ደርቋል፣ ቅቤው ረግቷል። ካውያ የራሷን ሩብ ያህል በልታ ሹካና ቢላዋን ጎን ለጎን አስተኝታለች፤ እሱ ራሱ ቤት ውስጥ እያወራ እንዳስተማራት። ይቅርታ አድርጊልኝ አላት። «ስትሠራ አየሁህ» አለች። «ጎበዝ ነህ። እጅህ ያምራል።» ከዚያ ደክሞኛል፣ እንሂድ አለች። በሚኒባሱ ውስጥ ራሷን ትከሻው ላይ አስደግፋ ተኛች። ሌላ ጊዜ እንሄዳለን አላት። ተኝታ ስለነበር አልሰማችም፤ ወይም አልተኛችም ነበር።

ላይ ቤት እንግዳ በተነሳ ቁጥር ጨርቅ ይነሳል። አጭሬ የአሥራ ሁለት ቁጥርን ጠቅልሎ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። ሰኞ ጠዋት ምሰሶ ከረጢቱን ቤት ሲያራግፈው ከሥር ወጣ።

ካውያ በዚያ ሰሞን ተቀምጣ ነበር የምትሠራው፤ በአንድ ጨርቅ መካከል ሁለቴ ታርፋለች። የስንዴ ፍሬዋን ስታገኝ ወደ መስኮቱ ወሰደችው፣ ዘረጋችው፣ ገለበጠችው። ብዙ ጊዜ አየችው። «ና እስቲ አንብበው» አለችው።

ምሰሶ አየ። በእሷ በኩል አንዲት ነጥብ የለችም፤ እንዳይነካ ስትጠነቀቅ ነበር። በእሱ በኩል የዳቦ ፍርፋሪ እንኳ የለም። «ምንም የለበትም» አለ።

«አዎ» አለች። «እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሰው አልተቀመጠም።»

አልጮኸችበትም፣ አላለቀሰችም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ጨርቁን ሳታጥበው፣ አሚዶ ሳታስነካው፣ ሳትተኩሰው፣ በመዳፏ ብቻ እየዳመጠች አራት ላይ አጠፈችውና ለላይ ቤት ከሚመለሰው ክምር ውስጥ አስገባችው። ያልተበላበት ጨርቅ ምኑ ይታጠባል። ምሰሶ ቆሞ አያት። ሃያ ሁለት ዓመት የቆመ ሰው፣ አሁንም አልተቀመጠም።

በሦስተኛው ሳምንት ሞተች። ጠዋት ነበር፤ መስኮቱ ተከፍቶ። ልጅየው ሐዘን ሊደርስ መጣ፤ አበባ ይዞ፣ ጥቁር ክራባት አስሮ፣ ጥሩ ጥሩ ነገር ተናገረ። ሊወጣ ሲል ምሰሶን በር ላይ ለብቻው ገለል አደረገውና በለሆሳስ ጠየቀው። «ጨርቁን ለጊዜው ማን ይያዝልን?»

ልጅቷ ሰማች። ሰውየው ከሄደ በኋላ አባቷን እዚያ ቤት እንዳትመለስ አለችው፤ እኔ ሱቅ ና፣ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ሒሳብ ተቀበል፣ እኔ አበላሃለሁ አለችው። ራሱን ነቀነቀ። በሁለተኛው ሳምንት ላይ ቤት ተመለሰ። ሌላ የሚያውቀው ቦታ አልነበረውም።

ማክሰኞ ነበር፣ ምሳ ሰዓት። ከቁም ሳጥኑ ሥር የቆየ የጠረጴዛ ልብስ ሲያወጣ አንደኛው እጁ ላይ ልል አለ፤ አሚዶ የለውም። ጥጉን ዳበሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ቆሻሻው ይመልሰው ነበር። ምሰሶ አሥራ ሁለት ቁጥር ላይ ወስዶ አለበሰው። በእጇ የዳመጠችው የእጥፉ መስመር አልጠፋም፤ የጋለ ካውያ ሳይነካው ቆይቷል። ሹካ በግራ፣ ቢላ በቀኝ፣ ብርጭቆ ከላይ አደረገ። ለሁለት ሰው።

አራት ጠረጴዛ ተይዟል። በረንዳው በኩል አንድ ሰውዬ ምግብ ዝርዝሩን አጠፈ፣ ትከሻው ላይ ያቺ ነገር ሽው አለች። ምሰሶ አያት። ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። በጠርዙ አይደለም፤ ጀርባውን አስደግፎ፣ በነጭ ጃኬቱ፣ ፊቱን ወደ ባዶው ወንበር አድርጎ።

ሰውዬው ጣቱን አነሳ። እጁን አነሳ። ከዚያ «አስተናጋጅ» አለ፤ በዚያ ቤት ጮክ ብሎ የሚጠራ እንግዳ አይታወቅም፣ አዳራሹ ዞር አለ። ልጅየው ፈጥኖ መጣና ጎንበስ ብሎ በጥርሱ መሃል፣ «ምን ሆነሃል? ተነስ እንጂ» አለው።

«ምሳ ላይ ነኝ» አለ ምሰሶ።

ልጅየው ዙሪያውን አየ። እንግዳ ፊት መጮኽ በአባቱ ቤት ነውር ነው፤ ፈገግ ብሎ ትእዛዙን ራሱ ሊቀበል ሄደ። ምሰሶ አጭሬን በዓይኑ ጠራው። ሾርባ አምጣልኝ ወንድሜ አለው። አጭሬ ልጅየውን አየ፣ ምሰሶን አየ፣ ጉልበቱን እየጎተተ ሄዶ አመጣለት።

ይሄን ሰምቶ ጀግና ነው የሚል አይጠፋም። አይደለም። ጀግንነቱ ከወር ተኩል በፊት፣ በዚህችው ወንበር ላይ ነበር የሚያስፈልገው፤ ያኔ ምንም አያስከፍለውም ነበር፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። ይሄ ሰው ደግሞ ተሹሞ የነበረው ለአንዲት ምሳ ነው።

ማንኪያውን ሲያነሳ እጁ ተንቀጠቀጠ። ያ ሃያ ሁለት ዓመት አሥር ብርጭቆ በአንድ ትሪ ተሸክሞ ያልተንቀጠቀጠ እጅ ነው። ሾርባው ተንጠባጠበ፤ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ። ነጩ ጨርቅ ላይ ቢጫ ክብ እየሰፋ ሄደ። አልጠረገውም። ብርሃን ላይ ቢዘረጋ ማንም የሚያነበው ዓይነት እድፍ ነበር።

ዳቦውን ቆርሶ በግራ መንጋጋው አኘከ።